ሰሙን ማን አየው?

እኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በቀን ስንት ጊዜ «ሰምና ወርቅ» እንደምንል የቆጠረ ካለ ይንገረን። ቅኔ ሲነሣ ሰምና ወርቅ፤ የአገራችን ሰው ጠባይ ሲተነተን ሰምና ወርቅ፤ ሻይ ቤት ተቀምጠን የጓደኛችንን አሽሙር ስንፈታ እንኳ ሰምና ወርቅ ነው። «ላይኛው ሰም፣ ውስጠኛው ወርቅ» ብለን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን ሙሉ ማርክ ያገኘን ብዙዎች ነን። ታዲያ ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ ብረት ሠሪ «ለመሆኑ ሰሙን አይታችሁት ታውቃላችሁ?» ብለው ሲጠይቁን ስምንታችንም ዝም አልን። ቃሉን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ነገሩን ግን ያየ አልነበረም። ይህች ጽሑፍ ከዚያ ዝምታ የተነሣች ናት።

ቦታው ከእንጦጦ ማርያም ቁልቁል፣ ባሕር ዛፉ አልቆ የጉለሌ ቤቶች ከሚጀምሩበት ዘንድ የሚገኝ የአንድ ባለሙያ ግቢ ነው። አራት ቅዳሜ በተከታታይ ከስድስት ኪሎ ተነሥተን፣ በሽሮ ሜዳ በኩል አድርገን፣ ሽቅብ ወጣን። ከስምንታችን ሦስቱ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ የሚማሩ ናቸው፤ ሁለቱ ከቆዳና ከእንጨት ዕቃ እየሠሩ የሚሸጡ ልጆች ናቸው፤ የቀረነው ሦስታችን ከመጽሐፍና ከእስክሪፕቶ በቀር ሌላ መሣሪያ ጨብጠን የማናውቅ ነን። ሽማግሌው ሊያስተምሩን የተስማሙት በአንድ የክፍላችን ልጅ አማላጅነት ነው። ይህ ልጅ ሦስት ዓመት ሙሉ በአንድ ዶርም ስንተኛ «አባቴ ነጋዴ ነው» ሲለን የኖረ ነው። የመጀመሪያው ቅዳሜ ዕለት በሩ ላይ ስንደርስ ቆም አለና «አባቴ ናቸው» አለን። ሌላ ምንም አልጨመረም፤ እኛም ምንም አልጠየቅንም። ይህን እንድጽፍ የፈቀደልኝ እሱ ራሱ ነው፤ ስሙን አልጽፍም።

ገባን፤ ቡና ቀረበ። እኔ ልጅ ሳለሁ አያቴ «ከቀጥቃጭ ቤት አትቅመስ፤ ዓይናቸው ይበላሃል» ትለኝ ነበር። ይኸው ነገር ትዝ አለኝና እጄ ሲኒው ላይ ሳይደርስ ለአንድ አፍታ ዘገየ። ሽማግሌው አይተዋል፤ ልጃቸውም አይቷል። እንግዲህ የዘገየው ሦስት ዓመት ስለ ጭቆና ታሪክ ሲማር የኖረ እጅ ነው! ቡናውን ጠጣሁት፤ ግን መዘግየቴ ዛሬም ያሳፍረኛል። ያ መዘግየት ከየት መጣ? ከአያቴ ብቻ የመጣ አይደለም። ከአያቴ በስተጀርባ ረጅም ታሪክ አለ፤ እሱን ለመከተል ነው የምሞክረው።

አስቀድሜ ግን የሰሙን ነገር ልጨርስ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለሙያው የንብ ሰም በፀሐይ ያለሰልስና መስቀሉን በሰም ይሠራዋል፤ ሐረጉን፣ ቀዳዳውን፣ ጌጡን ሁሉ በጋለ ወስፌና በትንሽ ቢላዋ ይቀርጸዋል። ከግርጌው የሰም ዘንግ ይቀጥልለታል፤ ኋላ የሚቀልጠው ነሐስ የሚገባበት መንገድ ይኸ ነው። ከዚያ በጣም በላመ ሸክላ አፈር ይለብጠዋል፤ ላዩን ደግሞ ሻከር ባለ ጭቃ ይመርገዋል። በጥላ ቀናት ከደረቀ በኋላ እሳት ላይ ይዘቀዘቃል፤ ሰሙ ቀልጦ ይፈስና ውስጡ ባዶ ይሆናል። በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠው ነሐስ ወይም ብር ወይም ወርቅ ይፈስበታል። ሲበርድ ጭቃው ይሰበራል፤ መስቀሉም ይወጣል። ሰሙ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያገለግለው፤ ጭቃውም እንዲሁ። ስለዚህ በዚህ ዘዴ የተሠሩ ሁለት መስቀሎች ፍጹም አንድ ዓይነት ሊሆኑ አይችሉም።

የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅን የወሰዱት ከዚህ ሥራ ነው። ወርቁ የሰሙን ቅርጽ ይይዛል፤ ሰሙ ግን መጥፋት አለበት። እኛ በክፍል ስንማረው ሰሙ መሸፈኛ ብቻ ይመስለን ነበር። ከምድጃው ዳር ቆሞ ላየው ሰው ግን ሰሙ ቅርጽ ሰጪ ነው፤ ሰሙ ካልተጠበበበት ወርቁም አያምርም። ቅኔ ቤት ይህን ምሳሌ ሲወስድ ከአንጥረኛው ዘንድ ነው የተዋሰው። ብድሩን ግን አልመለሰም። ባለቅኔው ሊቅ ሲባል አንጥረኛው ምን ተባለ?

«ጠይብ» ተባለ። የዚህ ቃል ታሪክ ራሱን የቻለ ፍርድ ነው። ቋንቋ አጥኚዎች እንደሚሉት «ጠይብ» የመጣው ከግዕዙ «ጠቢብ» ነው። ጠቢብ ማለት ደግሞ ዐዋቂ፣ ብልህ፣ ጥበብ ያለው ማለት ነው። እንግዲህ አንዱ ቃል ሁለት ልጆች ወለደ፤ አንደኛው ቤተ መንግሥትና ቤተ ክህነት ገብቶ «ጠቢብ» ሆኖ ቀረ፤ ሁለተኛው ምድጃ ዳር ወርዶ ስድብ ሆነ። እኛ «ኪነ ጥበብ» ብለን በኩራት የምንጽፈው ቃልም ከዚያው ቤት ነው። «ባለ እጅ» የሚለውንም አስቡት። ሙያ ያለውን ሰው ባለ እጅ ብለን ስንለየው ሌሎቻችን እጅ የለንም ማለታችን ነው ወይ?

ስድቡ ለምን መጣ ለሚለው ጥያቄ «ድንቁርና ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገሩ ግን ከመሬት ጋር የተያያዘ ነው። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሰው ሰው የሚባለው ርስት ሲኖረው ነበር። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዐፄ ይስሐቅ ከቤተ እስራኤል ጋር ተዋግተው ካሸነፉ በኋላ፣ በክርስትና ያልተጠመቀ የአባቱን ርስት እንዳይወርስ ማድረጋቸው በታሪክ ይነገራል። መሬቱን ያጣ ሰው ምን ይሠራል? ማረሻውን ከማረስ ይልቅ ማረሻውን መሥራት ይይዛል። ብረት መቀጥቀጥ፣ ሸክላ መሥራት፣ ድንጋይ መጥረብ ርስት የሌለው ሰው እንጀራ ሆነ። ባለ ርስቱ ገበሬ ደግሞ ያለ ማረሻና ያለ ማጭድ አንድ ቀን አያድርም። ስለዚህ የሚፈልገውን ሰው ናቀው፤ የናቀውን ሰው ደግሞ ፈራው። ብረትን በእሳት አለስልሶ ቅርጽ የሚለውጥ ሰው ራሱንም ሌሊት ወደ ጅብነት ይለውጣል ተባለ። ቡዳ የሚለው ስም የተለጠፈው በዚህ መንገድ ነው። ይህ ዕጣ የቤተ እስራኤል ብቻ አልነበረም፤ በሸዋም፣ በጎጃምም፣ በሌላውም አገር ብረት ሠሪው ከርስት የራቀ፣ በጋብቻ የተገለለ ነበር።

የዚህ መገለል ትልቁ ጉዳት በትምህርት ላይ የደረሰው ነው። ሙያው ከቤት እንዳይወጣ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ደቀ መዝሙር የለም፤ ማን ልጁን ጠይብ ቤት ይሰዳል? አባት ለልጁ ያስተምራል፤ ልጅ ከሌለ ወይም ልጁ ከሸሸ ሙያው አብሮ ይቀበራል። ቅኔው ግን ተማሪ ከአገር አገር እየተሻገረ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ፣ ከመምህር መምህር እየዞረ አደገ። አንዱ ጥበብ መንገድ ተሰጠው፤ ሌላው ጥበብ አጥር ተሰጠው።

ይህን አጥር ለማፍረስ ከሞከሩት መካከል ከፊት የሚሰለፉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው በጋፋት የብረት ሥራ መንደር አቋቋሙ። የሠሩበት ሰዎች በብዛት በባዝል አጠገብ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ፤ ቫልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ማየር የተባሉት ከነሱ ውስጥ ናቸው። ሞሪትዝ ሆል የተባለ ፖላንዳዊም ነበረበት። ሰዎቹ የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው፤ ንጉሡ ግን መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። አናውቅም ቢሉም አልተለቀቁም። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም አብረው እየሠሩ ሙያውን እንዲማሩ ተመደቡ። የመጀመሪያው ማቅለጥ ከሸፈ፤ ንጉሡም እንደገና ሞክሩ አሉ። እንደገና ሞከሩ፤ ተሳካ። በመጨረሻ 70 ኩንታል ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከጥቅምት እስከ መጋቢት 1860 ዓ.ም. ድረስ ያንን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት እየተጎተተ፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር መንገድ እየጠረጉ ወሰዱት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡም ራሳቸውን ሠዉ። የጋፋት አውሮፓውያን ከእንግሊዝ ጦር ጋር አገሩን ለቀው ወጡ። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ፤ አምሳያው አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሟል። አምሳያውን ዘወትር እናየዋለን፤ በአጠገቡ ስናልፍ ግን መድፉን ብቻ ነው የምናስበው። የጠፋው ትምህርት ቤቱ ነው! መድፍ ቢጠፋ ሌላ መድፍ ይሠራል፤ የሚሠራው እጅ ከተበተነ ግን ሌላ መቶ ዓመት ይጠይቃል።

ጋፋት ለምን አልቀጠለችም? እኔ እንደሚመስለኝ ሁለት ምክንያት አለ። አንደኛ፣ አስተማሪዎቹ የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ ተገድዶ የሚያስተምር ሰው በሩ ሲከፈት ይሄዳል። ሁለተኛ፣ የአገሩ ባለ እጅ ከጥንት የያዘው ዕውቀት እንደ ዕውቀት አልተቆጠረም። ሰም አውጥቶ ነሐስ ማፍሰስ እዚሁ አገር ለዘመናት የነበረ ነው፤ ከጎንደርና ከላሊበላ መስቀሎች በላይ ምስክር አያስፈልግም። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ምድጃ ዳር በእኩልነት ቢገናኙ ኖሮ ታሪካችን ሌላ መልክ በያዘ ነበር።

አሁን ወደ እንጦጦ እንመለስ። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ በፊትም በኋላም ይህ ተራራ የሠራተኛ መናኸሪያ ነበር። ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ለመሥራት ድንጋይ ጠራቢው፣ አናጢው፣ ብረት ሠሪው ከየአገሩ ተሰበሰበ፤ ከጎንደር አካባቢ የመጡ የቤተ እስራኤል ባለሙያዎችም እንደነበሩበት ይነገራል። ከእንጦጦ ግርጌ ቀጨኔ ሸክላ የሚሠሩ፣ ሸማ የሚሠሩና ብረት የሚቀጠቅጡ ቤተሰቦች ሰፍረው ለትውልድ ሙያቸውን ይዘው ቆዩ። ከተማይቱ ድስቷን፣ ጀበናዋን፣ ነጠላዋን ከነሱ እየገዛች በጎን ደግሞ ቡዳ እያለች ትሰድባቸው ነበር። ከአራዳ ወረድ ብሎ «ሠራተኛ ሰፈር» የሚባለው ስም የቀረውም የቤተ መንግሥቱ ባለሙያዎች ከሰፈሩበት የተነሣ ነው።

በ1871 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የመጣው ስዊሳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ በምኒልክ ዘንድ ሠርቷል። ንጉሡ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ጠመንጃ ሠርተህ አሳየኝ ብለው እንደፈተኑት ይወራል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. ከእንጦጦ ተራራ ምንጭ በብረት ቧንቧ ውሃ ስቦ ወደ ቤተ መንግሥቱ አስገብቷል። ምኒልክ እጅ ሥራ ይወዱ እንደነበር፣ ማሽን ሲመጣላቸው ራሳቸው ፈትተው ያዩ እንደነበር ብዙ ጸሐፊዎች መስክረዋል። ለዚህም ይመስላል በ1900 ዓ.ም. ያን ዝነኛ አዋጅ ያወጁት። አዋጁ ሰውን በሥራው መስደብን ይከለክላል። ብረት ሠሪው ጠይብ ተብሎ እንዳይሰደብ፣ ሸማኔውም እንዳይሰደብ፣ ጸሐፊው እንኳ ጠንቋይ እንዳይባል ያዛል፤ የተሳደበም አንድ ዓመት ይታሰራል ይላል። ልብ በሉ! እኛ ብዕር ያዦችና ብረት ቀጥቃጩ በአንድ አዋጅ በአንድ መስመር ላይ ቆመን ነበር። ጸሐፊው ከስድቡ ቶሎ ወጣ፤ ቢሮ ገባ፣ ደመወዝተኛ ሆነ። ቀጥቃጩ ግን እዚያው ቀረ።

ለምን ቀረ ቢባል፣ አዋጅ ምላስን ያስር ይሆናል እንጂ እጅን አያስተምርም። በዚያው ዘመን የተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ያስተማረው በዋናው የውጭ ቋንቋ ነው፤ አስተማሪዎቹም ከግብጽ የመጡ ነበሩ። መንግሥት የሚፈልገው አስተርጓሚና ጸሐፊ ነበርና ይህ አያስደንቅም። ተግባረ እድ የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ በአለ ፈለገ ሰላም መሥራችነት የተቋቋመው በ1950 ዓ.ም. ነው። ሁለቱም ትልቅ ሥራ ሠርተዋል። ነገር ግን አከፋፈሉን ተመልከቱት። አንዱ ብረቱን ወሰደ፤ ቶርኖ፣ ሞርሳ፣ ብየዳ አስተማረ። ሌላው ጥበቡን ወሰደ፤ ሥዕልና ቅርጽ አስተማረ። ሁለቱንም በአንድ እጅ ይዞ የኖረው የእንጦጦ ሥር ባለሙያ ግን ከሁለቱም በር ውጭ ቀረ። በመምህርነት የጠራው የለም።

በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት ነገር አበቃ። ርስት የለሽ ሆኖ የኖረው ባለ እጅም በሕግ ፊት ከሌላው እኩል ሆነ። የንቀቱ መሠረት የነበረው የመሬት ሥርዓት ፈረሰ ማለት ነው። ግን መሠረቱ ሲፈርስ ጣሪያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ የእኔ እጅ ሲኒው ላይ የዘገየው ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤል በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ሌሎች ሄደዋል። የሄዱት ወደሚናፍቁት አገር ነውና መሄዳቸውን አልኮንንም። ግን ስንት ወናፍና ስንት ጉጠት ያለ ባለቤት ቀረ? ማን ጠየቃቸው? ማን ጻፈላቸው? ጋፋት አንድ ጊዜ የተበተነች መስሎን ነበር፤ ሁለተኛም ተበተነች።

ወደ ግቢው ልመልሳችሁ። ሽማግሌው በሕይወታቸው ያስተማሩት ልጃቸውን ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን በቃል አላስተማሩትም። «አባቴ ወናፉን ሰጠኝ፤ ሰባት ዓመት ነፋሁ፤ እያየሁ ተማርኩ» አሉን። ወናፍ ማለት ሁለት የፍየል ሌጦ ነው፤ አንዱ ሲከፈት ሌላው ይጨመቃል፤ እሳቱ ሳያቋርጥ መተንፈስ አለበት። እኛ ደግሞ ደብተር አውጥተን «ስንት ዲግሪ?» እያልን እንጠይቃለን። ነሐስ ለመቅለጥ ከ900 ዲግሪ በላይ፣ ብረት ደግሞ 1,538 ዲግሪ እንደሚፈልግ ከመጽሐፍ እናውቃለን። እሳቸው በሩን ዘግተው ቤቱን አጨለሙና «ዲግሪው ይኸውላችሁ፤ ቀለሙን እዩት» አሉ። የጋለ ብረት በጨለማ ነው ቀለሙ የሚነበበው፤ በፀሐይ ከታየ ያታልላል። ከመኪና ባሌስትራ ቢላዋ ሲያወጡ ውሃ ውስጥ ከነከሩት በኋላ እንደገና በቀስታ ያሞቁታል፤ ፊቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ያቆሙታል። ያን ካለፈና ወደ ሰማያዊ ከሄደ ቢላዋው ይለዝባል፤ ስለት አይዝም። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ አለ፤ ግን መጽሐፉ ዓይኔን አላስተማረውም ነበር።

ማስተማር ለሳቸውም አዲስ ነበር። የመጀመሪያው ቅዳሜ «እንዲህ ነው» ከማለት በቀር ቃል አላወጡም። ሁለተኛው ላይ ልጃቸው መሐል ገባ። እኛ የምንጠይቀውን ለአባቱ፣ አባቱ የሚሉትን ለኛ ይተረጉም ጀመር፤ ሁሉም አማርኛ ነው፤ ግን ትርጉም ያስፈልገው ነበር። ያ ልጅ ሦስት ዓመት የደበቀውን ነገር በዚያ ቀን እንደ መምህር ቆሞ ሲያስረዳ ድምፁ ተለወጠ። መስፉ ላይ መዶሻው እንዴት እንደሚያርፍ፣ ጉጠቱ ከየት እንደሚጨበጥ፣ ሞረዱ ለምን ወደፊት ብቻ እንደሚገፋ እያሳየ ለሥዕል ተማሪዎቹ ሲናገር ሽማግሌው ጥግ ተቀምጠው ያዩት ነበር።

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አጠፋሁ። ጭቃዬ ሳይደርቅ ቸኩዬ «ደርሷል» አልኩ። ነሐሱ ሲገባበት ውስጡ የቀረው እርጥበት እንፋሎት ሆኖ ገነፈለና የጋለው ነሐስ ተፈናጠረ። እግዚአብሔር ይመስገን ማንንም አልነካም፤ ሽማግሌው ከመነሻው ሁላችንንም ራቅ አድርገው አቁመውን ነበር። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ጭቃ ሲቸኮል አይወድም» ብለው ዝም አሉ። አራተኛው ቅዳሜ ላይ በደረቀ ጭቃ ደገምኩት። መስቀሌ ወጣ፤ ግን አንድ ክንዱ የለም። ለአየሩ መውጫ ቀዳዳ አልተውኩለትም ነበርና ነሐሱ እስከ ጫፍ አልደረሰም። ላስቀምጠው ብል ወሰዱና መልሰው ማቅለጫው ውስጥ ጨመሩት። «ነሐስ ቂም አይዝም፤ እንደገና ይቀልጣል» አሉኝ። ያን ጊዜ ጋፋት ትዝ አለችኝ፤ የመጀመሪያው ማቅለጥ ከሽፎ እንደገና ሞክሩ የተባለባት።

በዚያው እንጦጦ ላይ ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። ለማርያም ጸበል ከየአገሩ መጥተው በኤች አይ ቪ ምክንያት ከቤተሰብ ተገልለው በዚያው የቀሩ ሴቶች፣ በቅርብ ዓመታት ተደራጅተው ከቀለህ ነሐስ በተሠራ ጨሌ የአንገትና የጆሮ ጌጥ መሥራት ተምረዋል። ሰው የገደለ ጥይት ቀለህ ቀልጦ ጌጥ ይሆናል። እነዚህ ሴቶች ሙያውን ከአባታቸው አልወረሱም፤ ተምረው ነው ያገኙት። ሙያ ከደም ጋር የተያያዘ ነው የሚለውን አሮጌ ወሬ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ የሚያፈርሰው ይኸ ነው። መርካቶ ምናለሽ ተራ የሄደም ያውቃል፤ የዘይት በርሜልና ላሜራ ተቀጥቅጦ ምድጃ፣ ባልዲ፣ ሳጥን ሲሆን ያያል። ያ ሁሉ ግርግር ያለ ደብተር የሚሠራ ትምህርት ቤት ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? እኔ ትልቅ መፍትሔ የለኝም፤ ሦስት ትንንሽ ነገር ግን አለኝ። አንደኛ፣ እኛ የቋንቋ ተማሪዎች የምድጃውን ቃላት እንሰብስብ። ወናፍ፣ መስፍ፣ ጉጠት፣ ሞረድ የሚሉትን ጥቂቶች ያውቃሉ፤ ሽማግሌው ግን ለእሳት ቀለም ብቻ እኛ ሰምተን የማናውቃቸው ቃላት አሏቸው። ይህ የቃላት ሀብት የሚጻፈው እሳቸው በሕይወት ሳሉ ነው። ሁለተኛ፣ እዚሁ ስድስት ኪሎ ግቢያችን ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የመስቀል ስብስብ አለ። ሂዱና እዩ። በአብዛኞቹ ላይ የሠሪውን ስም አታገኙም። ለግጥም ደራሲ እንፈልጋለን፤ ለመስቀል ደራሲ ለምን አንፈልግም? ሦስተኛ፣ ሥነ ጥበብ የሚማሩ ጓደኞቻችን ባለ እጁን «ሞዴል» አድርገው ከመሳል አልፈው መምህር ብለው ይጥሩት። ክፍያውም የመምህር ክፍያ ይሁን፤ እኛ በአራቱ ቅዳሜ ያዋጣነው ከከሰል ዋጋ ብዙም አይበልጥም ነበርና በዚህም አፍራለሁ።

ጓደኛችን በዚህ ሴሚስተር አንድ ፎርም ሲሞላ አጠገቡ ነበርኩ። «የአባት ሥራ» የሚል መስመር አለበት። እስክሪፕቶው ትንሽ ቆመ፤ ልክ የእኔ እጅ ሲኒው ላይ እንደቆመው። ከዚያ «ብረት ሠሪ» ብሎ ጻፈ። ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት። ማኅተም መታችበትና መለሰችለት። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር አልሆነም። ነገር ግን ከ1900ው አዋጅ ጀምሮ ያለውን ታሪክ ሳስበው ይህች ትንሽ መስመር ቀላል አትመስለኝም።

ሽማግሌው ከፋሲካ በኋላ እንደገና ሊያስተምሩ ተስማምተዋል። ስምንት ሰው ብቻ ነው የሚችሉት፤ ምድጃው ትንሽ ነው። መምጣት የሚፈልግ አሮጌ ልብስ ይልበስ፤ ናይለን የለበሰ እሳት ዳር አይቆምም። ጧት በሁለት ሰዓት ከስድስት ኪሎ በር እንነሣለን። መጀመሪያ ቡና ይቀርባል።